የከሸፈው በቆሎ፦ ከብት ከመልቀቅዎ በፊት

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በኩል የሚያርሱ አንድ አባት እንዲህ ብለው ጠየቁን። «በቆሎዬ ወገቤ ደርሶ ነበር። በሽልሻሎ ጊዜ፣ በቆሎውን መሐል ለመሐል በበሬ ሳርሰው፣ ዩሪያ ጨመርኩለት፤ ከዚያ ዝናቡ ቀጥ አለ። አሁን ቅጠሉ ተጠቅልሎ ቀርቷል። ከብት ልልቀቅበት? ወይስ አቃጥዬ ሌላ ልዝራ?»

አባቴ፣ አይዞዎት። ግን አደራ፣ ከብቶቹን ዛሬ አይልቀቋቸው።

ነገሩ ከዩሪያው ነው። በቆሎ ውኃ ሲጠማው ማደጉን ያቆማል። ከአፈር የሳበው ናይትሮጅን ናይትሬት እንደሆነ አገዳው ውስጥ ይቀራል፤ ይበልጥ የሚከማቸው ከታች ነው። ከብት ይህን አብዝቶ ሲበላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ላሟ ታለከልካለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ደሟ የቡና ቀለም ይይዛል። ይህን ካዩ ሐኪም ለመጥራት ነገ አይበሉ። መድኃኒት አለው፤ ጊዜ ግን አይሰጥም። ያረገዘች ላም ብትተርፍም ልትጨነግፍ ትችላለች።

«ፀሐይ ላይ ካደረቅሁት መርዙ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። አይጠፋም። የሚሻለው ከፍ አድርጎ ማጨድ ነው። ከሥሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይተዉ። የላይኛውን ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅለው፣ በትንሽ በትንሹ ያለማምዷቸው። የራበው ከብት ፊት ግን አያቅርቡት። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሳምንት ያህል ሳያጭዱ ይቆዩ፤ ተክሉ ነፍስ ሲዘራ ናይትሬቱ እንደገና ይጨምራል።

ማቃጠሉን ይተዉት። መሬቱ ራቁቱን ሲቀር የቀረችው እርጥበትም ትሄዳለች። መጀመሪያ ግን ጥቂት አገዳ በማጭድ ለሁለት ይሰንጥቁ። ውስጡ ተቦርቡሮ ትል ካገኙ የአገዳ ቆርቁር ነው። እንዲህ ያለውን ቀሪ ከማሳው ለቅመው ያውጡ። ንጹሑን እዚያው ከአፈሩ ጋር ያርሱት።

የሚዘሩት እንደ አፈሩ ነው። ቀላል አፈር ከሆነና ነሐሴ ገና ከገባ፣ ዝናቡም ከተመለሰ፣ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይሞክሩ። ዩሪያውን ይቀንሱ፤ የበቆሎው ድርሻ አፈሩ ውስጥ ስላለ ጤፉ ከበዛበት ተጋሽቦ መሬት ላይ ይተኛል። ዋልካ፣ ማለትም ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ከሆነ እኔ ለሽምብራ አደላለሁ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ ውኃው ሲጠፈጠፍ ይዝሩት። አፈሩ በያዘው እርጥበት ይደርሳል፤ ዩሪያም አይፈልግም።

አንድ ነገር ግን አልነገሩኝም። በቆሎው ላይ ፀረ አረም ረጭተው ነበር? አትራዚን ያለበት ከሆነ አፈር ውስጥ ቆይቶ ጤፉንም ሽምብራውንም ይጎዳል። ዕቃውን ካልጣሉት ከመዝራትዎ በፊት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።