የቤተሰብ ታሪክን በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ መዛግብትና በማኅበራት ስለ መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ «የአያቴን ስም የት አገኘዋለሁ?» የሚሉ ናቸው። እኔም አስቀድሜ የምመልሰው በሌላ ጥያቄ ነው፦ አያትዎን በዘመናቸው የመዘገባቸው ማን ነው? የመዘገባቸውስ ለምን ጉዳይ ነው? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚሁ ይነሣሉ።

ጥያቄ፦ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ለእኔ አንድ ይመስሉኛል። ልዩነታቸው ለፈላጊ የሚያመጣው ለውጥ አለን?

መልስ፦ እጅግ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚይዘው ታትሞ የተባዛውን ነው፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ካርታና የነዋሪዎች አድራሻ ማውጫን የመሰለውን። አደራደሩም በርእሰ ጉዳይ ስለሆነ፣ መጻሕፍትን በርእሰ ጉዳያቸው በቁጥር የሚመድበውን የዴዊን አከፋፈል የሚከተል ቤተ መጻሕፍት የዘር ሐረግ መጻሕፍትን በ929 ቁጥር ሥር ያስቀምጣል። ቤተ መዛግብት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ቅጂ የሌላቸውን ሰነዶች ይይዛል፤ የሚያስቀምጣቸውም በርእሰ ጉዳይ ወይም በባለ ታሪኩ ስም ሳይሆን ሰነዱን በፈጠረው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት ከፍርድ ቤቱ ወረቀቶች፣ የግብር መዝገብ ከግብር ሰብሳቢው መዝገቦች ጋር ይኖራል እንጂ፣ የአንድ ቤተሰብ ወረቀት ከየቦታው ተለቅሞ አንድ ላይ አይቀመጥም። እኔ ይህን ሳላውቅ በአንድ ቤተ መዛግብት ሁለት ቀን ሙሉ የስም ካርዶችን ስገልጥ ቆይቻለሁ፤ ቅድመ አያቴን በመጨረሻ ያገኘኋቸው ግን ስማቸው በየትኛውም ካርድ ላይ ባልሰፈረበት የሌላ ሰው የድንበር ክርክር ውስጥ፣ ምስክር ሆነው ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ በቅድሚያ በሕይወት ያሉትን የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ይጠይቁ፣ በቤት ያሉትንም ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፎችና የምስክር ወረቀቶች ይመርምሩ፤ ቤተ መዛግብቱ ይጠብቃል፣ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም። ከዚያም የሚፈልጉት ሰው የኖረበትን ቦታና ግምታዊ ዘመን ይዘው፣ ያ ቦታ በዚያ ዘመን በየትኛው አስተዳደር፣ በየትኛው ፍርድ ቤትና በየትኛው የእምነት ተቋም ሥር እንደነበረ ይለዩ፤ ወሰኖች ስለሚለዋወጡ የዛሬውን ካርታ ብቻ ማየት ያሳስታል። ቀጥሎ የተቋሙን የመዛግብት ዝርዝር መግለጫ ያንብቡ። ለባለሙያው ሲጽፉ «ስለ ቤተሰቤ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» ከማለት ይልቅ «በዚህ ወረዳ፣ በእነዚህ ሃያ ዓመታት ውስጥ የተጻፈ የውርስ መዝገብ አላችሁን?» ብለው ቢጠይቁ ጠቃሚ መልስ የማግኘት ዕድልዎ የሰፋ ይሆናል።

በንባብ ክፍሉ ውስጥ ከእርሳስ በቀር ሌላ መጻፊያ በአብዛኛው አይፈቀድም፤ ሰነዶቹም ከመጋዘን በጥያቄ ወረቀት እየተጠሩ የሚመጡ በመሆናቸው የሳጥኑና የዶሴው መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ ማንሣት ከተፈቀደ ከሰነዱ በፊት መለያ ቁጥሩን ያንሡ። የወረቀቶቹን ቅደም ተከተል ግን ፈጽሞ አያዛቡ፤ አንድ ወረቀት ምን እንደሆነ የሚነግረን ብዙ ጊዜ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያለው ነው።

ጥያቄ፦ በስም ማውጫው ውስጥ ቤተሰባችን የለም። እንግዲህ መዝገቡ የለም ማለት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። የስም ማውጫ ማለት የቆየ የእጅ ጽሕፈት አንብቦ የገለበጠ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሰው አንድ ፊደል አሳስቶ ካነበበ ስሙ ከሚፈለግበት ቦታ ርቆ ይገኛል። ጸሓፊው ራሱም የሰማውን ድምፅ በመሰለው መንገድ ጽፎት ይሆናል። በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተፈጠረው ሳውንዴክስ የተባለው ዘዴ ስሞችን በአጻጻፋቸው ሳይሆን በድምፃቸው የሚመድበው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። ማውጫው ዝም ሲል ቦታውንና ዘመኑን ይዘው መዝገቡን ገጽ በገጽ ያንብቡ፤ ጎረቤቶችን፣ ምስክሮችንና የክርስትና አባቶችን ጭምር ይመልከቱ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። በኒው ዮርክ፣ መጤዎች ሲገቡ ይመረመሩበት በነበረው በኤሊስ ደሴት የነበሩ ሹማምንት የመጤዎችን ስም ለውጠው ይጽፉ ነበር ይባላል፤ ሆኖም ተቆጣጣሪዎቹ ይሠሩ የነበረው መርከቡ ከተነሣበት ወደብ ተሞልቶ በመጣው የመንገደኞች ዝርዝር ላይ ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ስም ለማግኘት በመነሻው ወደብ የተዘጋጀውን ዝርዝር መከተል፣ የኋለኛውን ለውጥ ደግሞ በዜግነት ማመልከቻ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቶቼ በአሜሪካ በባርነት የኖሩ ናቸው። በስማቸው ምንም አላገኘሁም።

መልስ፦ ጥያቄዎ ልብ የሚነካ ነው፤ ተስፋ እንዳይቆርጡም እለምንዎታለሁ። ነጻ የወጡት ሰዎች በአጠቃላይ በስማቸው የተመዘገቡበት የመጀመሪያው የፌዴራል ሕዝብ ቆጠራ እ.ኤ.አ. የ1870ው ነው። በ1850 እና በ1860 የተዘጋጁት የባሪያዎች ዝርዝሮች በባለቤቱ ስም ሥር ዕድሜን፣ ጾታንና የቆዳ ቀለምን ብቻ ይጽፉ ነበር፤ ስም የተጻፈው ከስንት አንድ ነው። መዝጋቢው ሰዎቹን እንደ ንብረት ስለቆጠረ፣ ፈላጊው ከ1870 ወደ ኋላ ሲሄድ ስማቸውን በንብረት ሰነዶች ማለትም በባለቤቱ ኑዛዜ፣ በውርስ ክፍፍል፣ በሽያጭ ውልና በዕዳ መያዣ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። ከዚያ ቀጥሎ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ የተቋቋመው የነጻ የወጡ ሰዎች ቢሮ ያስቀራቸውን የሥራ ውሎችና የጋብቻ መዝገቦች ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ የምፈልገው መዝገብ ተቃጥሏል ተባልኩ። ፍለጋው እዚህ ላይ ያበቃልን?

መልስ፦ በደብሊን የነበረው የአየርላንድ ቤተ መዛግብት በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 ከተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው ጠፋ። ነገር ግን በ1909 የአረጋውያን ጡረታ መከፈል ሲጀምር፣ 70 ዓመት እንደሞላቸው ማስረዳት ያልቻሉ አመልካቾች ዕድሜያቸው ከ1841 እና ከ1851 ቆጠራዎች እንዲጣራላቸው ይጠይቁ ነበር። ማጣሪያው የተሠራባቸው ቅጾች በመትረፋቸው የብዙ ቤተሰቦች አባላት ስም ዛሬ በእነርሱ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ከዚያ መዝገብ ላይ ለራሱ ጉዳይ የገለበጠ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበረን? ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት አይገኝምን?

መልስ፦ ብዙ ነገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1894 በዩታ የተመሠረተው የዘር ሐረግ ማኅበር ከ1938 ጀምሮ በብዙ አገሮች መዝገቦችን በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾችን እጅግ አሳንሶ በሚይዝ ፊልም ያነሣ ሲሆን፣ ወራሹ ፋሚሊሰርች የተባለው ድርጅት ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጉትን ጥቅልሎች ወደ ዲጂታል መልክ የመለወጡን ሥራ በ2021 ፈጽሟል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ምስሎች በስም አይፈለጉም፤ በካታሎጉ ውስጥ በቦታ ስም ገብቶ መግለጥ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹም ከመዝገቡ ባለቤት ጋር በተደረገ ውል ምክንያት የሚታዩት በፋሚሊሰርች ማእከላት ወይም በተባባሪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የቅርብ ዘመን ቆጠራ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ነው። አሜሪካ 72 ዓመት፣ ብሪታንያ 100 ዓመት ትጠብቃለች።

ጥያቄ፦ ማኅበር መግባት ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ በቦስተን ከ1845፣ በለንደን ከ1911 ጀምሮ የሚሠሩ የዘር ሐረግ ማኅበራት አሉ፤ የራሳቸውም ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያላቸው የየአካባቢው ትናንሽ ማኅበራት ናቸው። አባሎቻቸው የመቃብር ድንጋይ ጽሑፍ ሳይደበዝዝ ገልብጠዋል፣ የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያዎችን ቆርጠው አስቀምጠዋል፣ የትኛው መዝገብ በማን እጅ እንዳለም ያውቃሉ። ሆኖም ከሌላ አባል የተዘጋጀ የዘር ሐረግ ሲሰጥዎ በምስጋና ይቀበሉና፣ ለእያንዳንዱ ትውልድ ማስረጃው የትኛው ሰነድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ማስረጃ የሌለውን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ እውነት አይያዙት።

ጥያቄ፦ የአንድ ሰው የልደት ቀን በሁለት ሰነዶች ተለያይቷል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነና ድርጊቱን በቅርብ ያውቅ እንደነበር ይመርምሩ። በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ያለውን የልደት ቀን የሚናገረው ሟቹ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሲወለዱ ያልነበረ ልጃቸው ወይም ጎረቤታቸው ነው፤ በልደቱ ሰሞን የተጻፈ የጥምቀት መዝገብ ከዚህ ይልቃል። ይሁንና ልዩነቱ ከቀን አቆጣጠርም ሊመጣ ይችላል። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ የመዝገብ ዓመት የሚጀምረው በማርች 25 ስለነበር፣ በፌብሩዋሪ 1731 የተጻፈ ልደት በዛሬው አቆጣጠር 1732 ነው። እንዲህ ያለውን ቀን ሳያርሙ እንዳለ ገልብጠው፣ የራስዎን ስሌት ከጎኑ ለይተው ይጻፉ።