ሰርቨሩን "ያንተ ነው" አሉኝ፣ ፋኑ ግን ይጮሃል

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከፖሊ በአይቲ ተመርቄ እዚሁ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ያለ መስሪያ ቤት ነው የምሰራው። እስካሁን ስራዬ ፕሪንተርና ዊንዶውስ መጫን ነበር፣ ባለፈው ወር ሰርቨር ተገዝቶ መጣና "በል እንግዲህ ያንተ ነው" አሉኝ። አስነሳሁት፣ ግን ከሰዓት ሲሆን ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ደግሞስ ለዚህ ስራ ምን ልማር? ሰርተፍኬት ልውሰድ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ልበልህ ወይስ አይዞህ? መጀመሪያ ፋኑን እንጨርስ፣ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሰርቨሩ ሲሞቀው ነው። ብዙ ሰርቨር ማኑዋሉ ላይ እስከ 35 ዲግሪ ይሰራል ይላል፣ ከስር በደቃቅ ፊደል ደግሞ ከፍታው 900 ሜትር አካባቢ ካለፈ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንስ ይላል፣ እሷን የሚያነብ የለም። ባህር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ናት፣ ስለዚህ ያንተ 35 እዚህ 32 ሆነ ማለት ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የሚወስደው ትንሽ ነዋ። ቴርሞሜትር አየር በሚስብበት በፊት በኩል ስቀል፣ ከ18 እስከ 27 ቢሆንልህ ጥሩ ነው። የሐይቁ ነፋስ ያቀዝቅዘው ብለህ ግን መስኮት እንዳትከፍት፣ ማታ መብራት አይቶ የሚገባው ትንኝና አቧራው ፊቱ ላይ ተለጥፎ ጭራሽ ያፍነዋል።

ተከላው ላይ፣ ዲስክ የሞላ ሰርቨር ከ25 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ብቻህን ራክ (ሰርቨር የሚደረደርበት የብረት መደርደሪያ) ላይ አትስቀል። ሌላው ስፒናው ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ኬብል አንዳንዴ ለራክ የተሰራ ስለሆነ ግድግዳ ላይ አይገባም፣ ጫፉን ቆርጦ በናስትሮ የሚቀጥል ሰው በአይኔ አይቻለሁ፣ አታድርገው፣ ትክክለኛውን ገዝተህ ግራውንድ ያለው ሶኬት ላይ ሰካ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ከሰካሃቸው ሁለት መሆናቸው ምን ጠቀመ?

ብልሽት መፈለግ ግን ከሁሉም ይከብዳል፣ እኔ የተማርኩት በውርደት ነው። አራት ዲስክ በሬይድ 5 የታሰረ ሰርቨር ነበር፣ ሬይድ ማለት ብዙ ዲስክን እንደ አንድ አስሮ ማሰራት ነው፣ ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል፣ ሁለተኛ ከሄደ ግን አለቀ። አንዱ ቢጫ መብራት አበራ፣ እኔም ስልክ እያወራሁ ከጎኑ ያለውን ደህናውን መዘዝኩት፣ ወዲያው ሲስተሙ ቀጥ። ባክአፑ (ለብቻው የሚቀመጠው የዳታ ቅጂ) ከሦስት ሳምንት በፊት የተወሰደ ነበር፣ ሬይድን እንደ ባክአፕ ስቆጥር ከርሜ። ከዛ ወዲህ ከመንቀሌ በፊት የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር ሶፍትዌሩ ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ፣ ሎጉን (ሰርቨሩ የገጠመውን የሚመዘግብበትን) አነባለሁ፣ የነካሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ሁለት ነገር ባንዴ አልቀይርም፣ አለዚያ የቱ እንዳዳነው አይታወቅም።

ሰርተፍኬት አይጎዳም፣ ግን አሁን ገንዘብህን አትቸኩልበት። አሮጌ ኮምፒውተር ፈልገህ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ጫንበት፣ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) እና ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ራስህ አስተካክል፣ ከዛ ሆን ብለህ አበላሸውና ከባክአፕ መልሰው። ባክአፕ መልሰህ ካላየኸው አለኝ አትበል።

የዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዘውን) ባትሪ ዕድሜም ጠይቅ፣ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚቆየው፣ ክፍሉ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ ይሞታል፣ ለዚህም ነው መብራት የሄደ ቀን ዩፒኤሱ ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይይዘው።

ቴርሞሜትሩ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ስንት እንዳሳየህ ጻፍልኝ፣ ከ27 በታች ሆኖ ፋኑ አሁንም ከጮኸ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።