አዲስ አበባን በእግር፣ ዙሪያዋን በመኪና፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አዲስ አበባ ሰፈሮችና ለቀን ጉዞ ስለሚሆኑ ቦታዎች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ መጣ። ሥራዬ እንግዳ ማዞር ስለሆነ በየቀኑ የማያቸውን ነገሮች ነው የምመልሰው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ለገና እመጣለሁ። ለከተማው ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

ከስድስት ኪሎ ጀምሪ እህቴ፣ ከዚያ በእግርሽ ወደ አራት ኪሎ ውረጂ። ቁልቁል ስለሆነ አያደክምም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከውጭ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውስጥ ግቢና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም እዪ። ቤቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይታያል። ደጁ ላይ ወደየትም የማያደርስ፣ ወደ ሰማይ የተጠማዘዘ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣልያን ነው የሠራው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት እንዲቆጥር ተብሎ። አገር ነፃ ሲወጣ የእኛ ሰዎች ደረጃውን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። እንግዳ ሳዞር ከሙዚየሙ ዕቃ ሁሉ በፊት እዚያ አቆመዋለሁ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ላለቀው ሕዝብ የቆመው ሐውልት ከበሩ ውጭ አደባባዩ ላይ ታገኚዋለሽ። ከዚያ ወደ ታች ስትወርጂ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። አራት ኪሎ ስትደርሺ ደግሞ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ። ንጉሡና እቴጌ መነን ያረፉት እዚያ ነው። እስከዚህ ስትደርሺ ግማሽ ቀን አልፏል፤ ምሳሽን ብዪ፣ ከሰዓቱን ለፒያሳ አድርጊው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ፈርሷል አሉን። መሄድ ዋጋ አለው?

አለው። እውነት ነው፣ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ መንደሮች በ2016 ዓ.ም. ፈርሰዋል። እዚያ ላደገ ሰው ሲያልፍ ያማል፤ እኔም ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል። ግን የቀረውም ትንሽ አይደለም። ጊዮርጊስ አለ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ፊት ለፊቱ የምኒልክ ሐውልት አለ። ጣልያን ነቅሎ ቀብሮት ነበር፣ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ አዲስ ነው፣ የካቲት 2016 የተከፈተ። ሰፊ ስለሆነ ለእሱ ብቻ ሁለት ሰዓት ያዙ። ስትጨርሱ ቶሞካ ጎራ በሉና ማኪያቶ ቆማችሁ ጠጡ። ወንበር አትፈልጉ፤ የቤቱ ወግ መቆም ነው።

ጥያቄ፦ መርካቶን ለፈረንጅ ጓደኛዬ ላሳየው እፈልጋለሁ። ኪስ አውላቂው ግን ያስፈራኛል።

ስጋትህ ልክ ነው፣ ግን አይቅርብህ። ስልክ በፊት ኪስ፣ ቦርሳ ቤት። ጠዋት ሂድ። ገበያው ሳይሞላ መንገዱም ይታያል፣ ሰውም ለወሬ ጊዜ አለው። ከሁሉ በላይ ግን ዝም ብለህ አትዙር፤ የምትገዛው አንድ ነገር ይኑርህ። በርበሬ ይሁን ቡና። የሚገዛ ሰው አቀባበሉ ሌላ ነው፤ ባለሱቁ ራሱ ከተራ ወደ ተራ ይመራሃል።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ካልከኝ ምናለሽ ተራ እልሃለሁ። ያለቀለት በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ከሩቅ ይጠራሃል። ግን ሠራተኛን ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሳ። ሰዉ እንጀራው ላይ ነው፣ ባይወድ አይፈረድበትም። ሲወጡ አንዋር መስጊድንና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንን አሳየው፤ ጎረቤታሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል። እንጦጦን ሳላይ ልቅር?

ኧረ አይቅሩ እማማ። መኪና እስከ ላይ ይወጣል። ከሽሮ ሜዳ በላይ መንገዱ ጥሩ ነው። እንጦጦ ማርያም ደጅ ድረስ በመኪና ይደርሳሉ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚያ ነው። አጠገቡ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት ይዩት። እንጨትና ጭቃ፣ በኖራ የተቀባ፣ ምንም ግርማ ያልበዛበት ቤት ነው። የዓድዋ ንጉሥ እዚህ ኖሩ ብሎ ማሰብ ይከብዳል፤ እኔ የምወደውም ለዚያ ነው። ፓርኩ ውስጥ ቁጭ ብለው ከተማውን ቁልቁል የሚያዩበት ቦታ ሞልቷል። ጋቢዎን አይርሱ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በፀሐይም ይበርዳል። ሲወርዱ ሽሮ ሜዳ ላይ የሐበሻ ልብስ ማየት ነው።

ጠዋት ከወጡ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ ያገኛሉ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ሹፌሩን ቀስ ብሎ ራቅ አድርጎ እንዲያልፋቸው ይንገሩልኝ፤ ዞር ለማለት እንኳ አይችሉም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ከባለቤቴ ጋር ወጣ ልንል ነው። ቢሾፍቱ ወይስ ወንጪ?

ማረፍ ከፈለጋችሁ ቢሾፍቱ። ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ናት፣ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ይደረሳል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ፣ ሁሉም እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ሐይቆች ናቸው። ዓሣ ትበላላችሁ፣ ሐይቅ ዳር ትቀመጣላችሁ፣ በቃ። የመስከረም መጨረሻ አካባቢ ኢሬቻ ሆራ አርሰዲ ላይ ይከበራል፤ በዓሉን ማየት የማይፈልግ ሰው ያን ሳምንት ይቅርበት፤ አልጋም መንገድም አያገኝም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ወንጪ። ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለ ተራራ ነው። አፋፉ ላይ ስትቆሙ ሐይቁ ከታች ጎድጓዳው ውስጥ ተኝቶ ይታያል። ዙሪያው እርሻ፣ እንሰትና ደን ነው። በእግር ወይ በፈረስ ይወረዳል። ስትወርዱ በእግር፣ ስትመለሱ በፈረስ አድርጉት፤ ዳገቱ አይቻልም። ጀልባ ይዛችሁ ወደ ደሴቱ፣ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትሻገራላችሁ። ከመሬት የሚፈልቅ የማዕድን ውሃም አለ፤ ቅመሱት፣ አምቦ ውሃ ነው የሚለው። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ፈረሱን ከአካባቢው ልጆች ተከራዩ፣ ማሩንም ከገበሬው ግዙ። ገንዘቡ እዚያው ይቅር።

ጥያቄ፦ ታሪክ ለሚወድ ሰው የአንድ ቀን ጉዞ?

የቡታጅራ መንገድ። መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ፣ አዋሽ ዳር፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት፤ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከዚያ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከአለት የተፈለፈለች አዳዲ ማርያም። መጨረሻ ላይ ጢያ፣ 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበት። አብዛኞቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል። ማልዳችሁ ከወጣችሁ ሦስቱም በአንድ ቀን ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሊባኖስስ?

ስድስት ኪሎን ያየ ሰው ደብረ ሊባኖስን ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ከቦምቡ በኋላ ግራዚያኒ መነኮሳቱን ያስፈጀው በዚያው በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ገዳሙ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ገደል ሥር። አጠገቡ ፖርቱጋል ድልድይ የሚሉት የድንጋይ ድልድይ አለ፣ ጭላዳም በመንጋ ይታያል። ነገር ግን የሰሜን ሸዋ መንገድ በቅርብ ዓመታት ሰላም የራቀው ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ መስመር ዕለት ዕለት የሚመላለስ ሹፌር ሳትጠይቁ አትውጡ። «እስኪ ይቆይ» ካላችሁ ይቆይ።

ጥያቄ፦ ትንንሽ ልጆች አሉን። የት ይሻላል?

መናገሻ ሱባ። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ያለበት ጥንታዊ ደን ነው፤ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት ይባላል። ልጆቹ ጉሬዛ ሲያዩ ድካሙን ይረሱታል። ውሃና ምግብ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ በክረምት ብመጣስ?

ለሰፈር ለሰፈር መዞር ሐምሌና ነሐሴ ይከብዳሉ። መስከረም ጠብቅ። አደይ አበባው፣ የጠራው ሰማይ፣ ሁሉም ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ መኪና ልከራይ ወይስ በሕዝብ ትራንስፖርት?

ለከተማው ውስጥ ሚኒባስና እግር ይበቃል። መውረጃህን ለረዳቱ ቀድመህ ንገረው፣ ዝርዝር ብር ያዝ። ቢሾፍቱ በአውቶቡስም ቀላል ነው፣ መነሻው ቃሊቲ ነው። ለወንጪና ለቡታጅራ መስመር ግን አራት ሆናችሁ መኪና ከሹፌር ጋር ተከራዩ። ዋጋውን ስትነጋገሩ ነዳጅና የሹፌሩ አበል ይጨመር አይጨመር መጀመሪያ ለዩት፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።