ድምሩን ብቻ አትስጧቸው

ሰሞኑን አንዲት የደን ተማሪ "ጋሼ፣ የመንገድ ዳር ዛፎችን ልመዘግብ ነው፤ የዝርያ ስብጥሩን በየትኛው ቀመር ላስላው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ከቀመሩ በፊት አንድ የአዲስ አበባ መንገድ ትዝ አለኝ።

መንገዱ ሊሰፋ ስለነበር ዛፎቹን እንድንመዘግብ ተላክን። ጃካራንዳና ግራቪሊያ ይበዛል። መሃል መሃሉ ላይ ግን ጽድ፣ ዝግባ፣ ብሳና፣ ቁንዶ በርበሬ ነበረበት። አንድ ያረጀ ወይራም ነበር። ሥሩ የሚቀመጠው ሊስትሮ "እናቶች ለጠላ ጋን ማጠኛ ቅርንጫፉን ሊሰብሩ ይመጣሉ፤ የምከለክላቸው እኔ ነኝ" አለን። ያ ልጅ ስለ ዛፎቹ ከአንዳንድ ባለሙያ የተሻለ ያውቅ ነበር። ጫማችንን ከጠረገ በኋላ ደግሞ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ አስቸገረን።

የእያንዳንዱን ዛፍ ስም፣ የቆመበትን ቦታ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የለካነውን የግንድ ውፍረት ሁሉ ጻፍን። ወደ ላይ የሄደው ሪፖርት ላይ ግን የቀረው ድምሩ ብቻ ነበር። ዛፎቹ ተቆረጡ። መንገዱ ሲያልቅ "በተቆረጠው ልክ ተክለናል" ተባለ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ሞልቷል። የተተከለው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘንባባ ነው። ሊስትሮው ጃንጥላ ገዛ። እኔን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ቀመሩ ልምጣ። ሁለት መንገዶች አስቡ፤ ሁለቱም 100 ዛፍና አምስት ዝርያ አላቸው። አንዱ ላይ ከየዝርያው 20 አለ። ሌላው ላይ 96ቱ ዘንባባ ነው፣ የቀሩት አራቱ ዝርያዎች አንዳንድ ብቻ። ዝርያ ብቻ ከቆጠራችሁ እኩል ናቸው። የዝርያውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ዛፎቹ በየዝርያው ምን ያህል እኩል እንደተከፋፈሉ በሚያየው በሻነን ቀመር ግን የመጀመሪያው 1.61፣ ሁለተኛው 0.22 ይመጣል፤ ቁጥሩ ሲተልቅ ስብጥሩ የተሻለ ነው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ ሳንታሞር እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ደንብም አለ፦ ከተተከሉት ዛፎች አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ አንድ ወገን (የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ከ20፣ አንድ ቤተሰብ (የሚቀራረቡ ወገኖች ስብስብ) ከ30 አይብለጥ። እዚያ አገር ጎዳናውን ኤልም በሚባል ዛፍ ብቻ ሞልተው በሽታ ሲገባ ምን እንደደረሰባቸው ያውቃሉ። እኔ ግን ደንቡ ብዙም አይጥመኝም። አንድም አገር በቀል ዛፍ የሌለበት መንገድ እኮ ደንቡን ሊያሟላ ይችላል።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ስልካችሁን ቅጠል ላይ ደግናችሁ ስም ታወጣላችሁ። ቅርፊት አታዩም፣ ፍሬ አታነሱም፣ ሰው አትጠይቁም። (ለውጭዎቹ ዛፎች እኔም በስልክ ነው የማጣራው፤ ምን እዋሻለሁ።)

የዝርያውን ሠንጠረዥ አባሪ ውስጥ አትቅበሩት፤ አባሪ ማንም አያነብም። ድምሩ የተጻፈበት ገጽ ላይ ይግባ። አለቃችሁ ገጹ በዛ፣ አውጡት ካላችሁ ሌላ ነገር አውጡለት።