የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አይግዙ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 4 በ4 ሜትር ይሆናል። ከዲሽ ሪሲቨሩና ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚሠራ የድምፅ ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ስዞር አንዱ ሱቅ «5000 ዋት» የሚል አዲስ ሆም ቴአትር፣ ሌላው ያገለገለ አምፕሊፋየር ከሁለት ትልልቅ ስፒከር ጋር አሳየኝ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የቱን ልውሰድ? እንዴትስ ላገናኘው?

መልስ፦ ያገለገለውን ይውሰዱ፤ ግን ሳይፈትሹ አይክፈሉ።

5000 የሚለው ቁጥር «ፒኤምፒኦ» ይባላል። አምራቾች ሁሉ የሚስማሙበት አለካክ ስለሌለው ካርቶን ላይ የፈለጉትን ያህል ይጽፉታል። ከሻጩ ጋር ከመከራከር ዕቃውን አዙረው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ከሆነ ለስፒከሮቹ በተከታታይ 60 ዋት እንኳ ሊሰጥ አይችልም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሊያምኑት የሚገባው «አርኤምኤስ» (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ነው፤ ለእርስዎ ሳሎን በአንድ ስፒከር ከ20 እስከ 30 ዋት አርኤምኤስ በቂ ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ይልቅ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ይመልከቱ፦ 90 ዴሲቤል የሚለው ስፒከር 84 ከሚለው ጋር እኩል ለመጮህ ሩብ ያህል ዋት ይበቃዋል።

ሆም ቴአትሩ ሌላም ችግር አለበት። ገንዘቡ ለአምስት ትንንሽ የፕላስቲክ ሳጥንና ለአንድ ቤዝ ተከፋፍሎ ስለሚያልቅ አንዱም ስፒከር ደህና አይሆንም። የሪሲቨርዎ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎችም የሚያወጡት ግራና ቀኝ ብቻ ነው። በእነሱ በኩል ሲያገናኙት የኋላዎቹ ስፒከሮች የሚያሰሙት ከፊቶቹ የተቀዳውን ነው። ሁለት ጥሩ ስፒከር ከስድስት ደካማ ይበልጣል፤ ከበጀትዎ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለስፒከር ይመድቡ የምንለውም ለዚህ ነው።

ፍተሻዎ ስፒከሩ ላይ ይጥበቅ። የፊቱን ጨርቅ ያንሱና ድምፅ በሚያወጣው ወረቀት ዙሪያ ያለውን ቀለበት በጣት ይንኩት። ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜ ይበሰብሳል፤ ሲነኩት እየተፈረፈረ ከረገፈ ይተዉት። ጎማ ከሆነ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቀጥሎ ወረቀቱን ግራና ቀኝ እኩል ይዘው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይጫኑት። የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ኮይሉ (ከወረቀቱ ኋላ ያለው የሽቦ ጥቅል) ማግኔቱን እየነካ ስለሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀነስ አይግዙት። በቴስተር ሲለካ 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የተባለው 6 ኦም ገደማ፣ 4 ኦም የተባለው 3 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ጭራሽ ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል።

አምፕሊፋየሩ ላይ ቮሉሙን ሲያዞሩ ቢንኮሻኮሽ አያስደንግጥዎ። አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ኮንታክት ክሊነር ሲነፋበት ይለቃል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳዎታል። አንዱ ጎን ጨርሶ ዝም ካለ ግን ይለፉት። ከጀርባው የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦምም ያረጋግጡ። «8 ኦም» ብቻ የሚል አምፕሊፋየር ላይ 4 ኦም ስፒከር ከገጠሙ፣ ድምፁን ከፍ ባደረጉ ቁጥር ይግላል፤ በመጨረሻም ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ።

ሲያገናኙ ስፒናው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ለስፒከር ውድ ገመድ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ባለ ብዙ ክር 1.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) መንታ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። 10 ሜትር ቢረዝም እንኳ ደርሶ መልስ የሚጨምረው 0.23 ኦም ገደማ ነው፤ ይህ ለ8 ኦም ስፒከር ከ3 በመቶ ያነሰ ነው። ለ4 ኦም 2.5 ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት የአንዱን ክር ጫፍ በቢላ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው።

ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጡ፣ ክሮቹን አጥብቀው ይጠምዝዙ፣ ከዚያ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ይግጠሙ። አንዲት የተረፈች ክር ቀዩንና ጥቁሩን ካነካካች አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ የሚቃጠል ነገር ባይኖርም ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ብዙ ሰው ይህን የስፒከሩ ጉድለት አድርጎ ሌላ ዕቃ ይገዛል። የስፒከሩ ምልክት ከጠፋ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኩት፤ ወረቀቱ ወደ ፊት ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጎን ቀዩ ነው።

ከሪሲቨሩ የሚመጣውን ቀይና ነጭ ጃክ «ኦክስ» ወይም «ሲዲ» የሚለው ላይ ይሰኩ። «ፎኖ» የሚለው የሸክላ ማጫወቻ ስለሆነ ድምፁን አፍኖና አጉረምርሞ ያወጣዋል። የሪሲቨሩን ድምፅ ከፍ አድርገው ይተዉትና በአምፕሊፋየሩ ይቆጣጠሩ። ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ገመድና ወደ ቀይና ነጭ ጃክ በሚለውጥ መቀየሪያ የሚያወጡ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የድምፁን ዓይነት «ፒሲኤም» ላይ ያድርጉት፤ «ዶልቢ» ላይ ከቀረ ርካሾቹ መቀየሪያዎች ዝም ይላሉ ወይም ይንጫጫሉ።

ስፒከሮቹን ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገው፣ ትዊተሯ (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር) ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ ትሁን። ባዶ የብሎኬት ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ድምፁን ያስተጋባሉ፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ አዲስ አምፕሊፋየር ከመግዛት የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ። ጥጉ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ ይጎላል፣ ግን ይደበላለቃል፣ ጎረቤትም ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው ቤቴ። ሪሲቨሩን ከአምፕሊፋየር ጋር ሳገናኘው ያለማቋረጥ «ኡም» የሚል ድምፅ አለ። ቮሉሙን ሳልከፍተውም አይጠፋም። አምፕሊፋየሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ከመጠርጠርዎ በፊት ቀይና ነጩን ጃክ ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ምንም ሳይሰካበት ካጉረመረመ ችግሩ ውስጡ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቁ ትልልቅ ካፓሲተሮች ናቸው። እነሱን የሚለውጠው ጠጋኝ ነው፤ ስፒናው ተነቅሎም ቢሆን ኃይል ይዘው ስለሚቆዩ ራስዎ አይንኳቸው።

ድምፁ ሲነቅሉት ከጠፋ ጃኩን መልሰው ይሰኩና የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ይፍቱ። አሁን ጸጥ ካለ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው፦ የዲሹ ገመድ የውጭ መረብ ከጣሪያው ብረት ጋር ይገናኛል፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ በሶኬቱ በኩል ከቤቱ መሬት ጋር። በሁለቱ መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት በጃኩ ገመድ በኩል ስለሚፈስ የመብራቱን 50 ኸርዝ ያሰማዎታል። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና አምፕሊፋየሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልበቃ በጃኩ መካከል የሚገባ «ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር» የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ መኪና ቴፕ የሚገጥሙ ሱቆች አያጡትም።

ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ ቆርጬ ድምፁን ላጥፋልዎ ቢል አይፍቀዱለት። ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፤ ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ግን ብረቱ አካል 220 ቮልት ይዞ ልጅ እስኪነካው ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ። ስፒከሬን ከቴሌቪዥኑ ጋር በብሉቱዝ ሳገናኝ ድምፁ ከከንፈር እንቅስቃሴ ኋላ ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ ልኮ እስኪፈታው ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ያለው ማስተካከያ ደግሞ ድምፁን የበለጠ ማዘግየት እንጂ ማፍጠን አይችልም። ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ስፒከሩ «ኦክስ» ገመድ ይዘርጉ።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ያለ ወዳጄ ከጃፓን የመጣ አምፕሊፋየር ሊሸጥልኝ ነው። «100 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ይላል። ይሠራልኛል?

መልስ፦ በቀጥታ ከሰኩት ይቃጠላል። ከ220 ወደ 100 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ጉልበቱ አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው እጥፍ ይሁን፤ 150 ዋት ለሚወስድ 300 ቪኤ (የትራንስፎርመር ጉልበት መለኪያ) ማለት ነው። 110 የሚያወጣውን ቢሰጡዎት አይቀበሉ፤ መስመሩ ወደ 240 ከፍ ሲል 120 ቮልት ይለቅበታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል ለፍሪጅ የሚሸጠውን ቆይቶ የሚያበራ ጋርድ ከፊቱ ያድርጉለት። የትራንስፎርመሩን ዋጋም ከወዳጅዎ ጋር ሲደራደሩ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ያስቀንሱት። «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ይተዉት፤ በእኛ 50 ኸርዝ የውስጡ ትራንስፎርመር ይግላል፣ ያጉረመርማልም። ይህን ደግሞ ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር አያስተካክለውም።