ጀበና ልሥራ ወይስ ቅርጻ ቅርጽ?

ጠያቂያችን የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ናት፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ቡና የሚፈላበት፣ ለብቻው ሲቀመጥም ዓይን የሚይዝ ሸክላ መሥራት ትፈልጋለች። መምህሯ «ወይ ዕቃ ሥሪ ወይ ጥበብ» ብለዋታል። አባቷ ደግሞ «አስተምሬሽ ሸክላ ሠሪ ልትሆኚ?» አሉ። የቱን ልምረጥ ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም ያዢ። ግን መጀመሪያ የዕቃውን ሥራ በደንብ ልመጂ። የሚያንጠባጥብ ጀበና የቱንም ያህል ቢያምር ገዢው ተመልሶ አይመጣም።

ናይጄሪያዊቷን ላዲ ክዋሊን ተመልከቺ። የውኃ እንስራ በእጇ እየሠራች ላዩ ላይ እንሽላሊትና ጊንጥ ትቀርጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ያኔ አቡጃ ይባል በነበረው ከተማ (የዛሬው ሱሌጃ) የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። ሥራዋ ለንደን ድረስ ሄዶ ታየ፤ ዛሬ ምስሏ 20 ናይራ ብር ላይ አለ። እንስራ መሥራቷን ግን አልተወችም። እኛም ጋ፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ፣ ድስትና ጀበና ይሠሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ቱሪስት ሲበዛ በዚያው ጭቃ የሰውና የአንበሳ ምስል ጨመሩ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ከዕጣን ማጨሻ ጀምሪ። ትንሽ ነው፣ ምግብም አይነካውም። ቀዳዳ የግድ ስለሚያስፈልገው ቅርጹና ጥቅሙ እዚያው ይገናኛሉ፤ ጭሱ በወፍ አፍ ይውጣ ወይስ በቤት መስኮት፣ አንቺ ትወስኛለሽ።

ጀበና ይከብዳል፤ እሳት ላይ ይቀመጣላ! የሆዱ ውፍረት እኩል ካልሆነ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሆዱን ተዪውና ቅርጹን ወደ አንገቱ፣ ወደ እጀታው፣ ወደ ክዳኑ ውሰጂው። የምትለጥፊው ምስል ወፍራም ከሆነ ውስጡን ባዶ አድርጊውና ትንሽ ቀዳዳ ተዪለት። ጭቃው ሳይደርቅ ምስሉንም ጀበናውንም የሚጣበቁበት ቦታ ላይ ጫር ጫር አድርገሽ በቀጭን ጭቃ አጣብቂ። ከዚያ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ። ውስጡ እርጥበት ከቀረ እሳት ሲያገኘው እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል። የሚያብረቀርቅ ቅብ ካማረሽ ደግሞ ከምን እንደተሠራ ሳታውቂ ምግብ የሚነካው ላይ አትቀቢ። እርሳስ ያለበት ቅብ መርዝ ነው።

ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ የሚያውቁት አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ሰፈር ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። ሂጂና አብረሻቸው ጭቃ አቡኪ። በነጻ ግን አይሁን፤ እንደ መምህር ክፈያቸው፣ ሥራሽ ለእይታ ሲቀርብም ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ስማቸውን ጥቀሺ። ይህን አጥብቄ እልሻለሁ። የምንበላበትን ሠርተው ሰጡን፣ እኛ ግን «ቡዳ» እያልን ስንሰድባቸው ኖርን። አባትሽም የሚፈሩት ይህ ስም ልጃቸው ላይ እንዳይለጠፍ ይመስለኛል።

ገቢውን በተመለከተ፣ ለወር ወጪሽ ማጨሻና ጀበና ደጋግመሽ ሥሪ፤ ካፌዎችንና ሆቴሎችን ናሙና ይዘሽ አነጋግሪ። ትልልቁን ሥራ ለኤግዚቢሽን አስቀምጪ። ፎቶ ስታነሺ አንዱ ቡና ሲቀዳበት የሚያሳይ ይሁን፤ ገዢው እንደሚሠራ ማየት ይፈልጋል። ዋጋ ስታወጪም የማገዶውን፣ የአፈሩን፣ የትራንስፖርቱን፣ እሳት ውስጥ የሚሰበረውን ጭምር አስቢ። ብዙ ጀማሪ የሚከስረው ስባሪውን ሳይቆጥር ነው።

አባትሽን በክርክር የምታሸንፊያቸው አይመስለኝም። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲመጣ ወጪና ገቢውን ደብተር ላይ ጽፈሽ አሳዪያቸው፤ ሒሳቡንም አብረውሽ እንዲሠሩ ለምኛቸው።