«እርግጠኛ ነኝ» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

እንጀራዬ ሰው ማድመጥ ነው። በሥነ ልቦና ሙያ ጸጉሬ የሸበተው «በዓይኔ አይቻለሁ»፣ «ልክ እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ»፣ «ልቤ ነግሮኛል» ሲባል እየሰማሁ ነው። ከሚነግሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ አይዋሹም። ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ግን ከልብ መናገርና ልክ መሆን ይለያያሉ፤ ዛሬም የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው።

እርግጠኝነት ስሜት ነው። እንደ ፍርሃትና እንደ ደስታ ውስጣችን የሚፈጠር ስሜት። ደርሶ ሲሰማን ግን ማስረጃ ያገኘን ይመስለናል።

ከትኩረት ልጀምር። ዓይናችን እስከተከፈተ ድረስ ፊታችን ያለውን ሁሉ የምናይ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ያሳተሙት ሙከራ ይህን እምነት አፈር ድሜ አስግጦታል። ሰዎች አጭር ቪዲዮ ያያሉ። ነጭና ጥቁር የለበሱ ወጣቶች ኳስ ይቀባበላሉ። የተመልካቹ ሥራ ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ መቁጠር ነው። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ ያጠለቀ ሰው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ደረቱን ይደልቃል፣ ይወጣል። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ አላዩትም። እኔን የሚደንቀኝ አለማየታቸው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ቪዲዮው ሲደገምላቸው «የቅድሙ አይደለም፣ ቀይራችሁታል» ብለው የሚከራከሩ አሉ።

ያመለጠን ነገር አምልጦናል ብሎ አይጮህም። ስልካችሁን እየነካካችሁ «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» ስትሉ ውሸታችሁን አይደለም። ያልሰማችሁትን ስላልሰማችሁት ብቻ የጎደለ ነገር የለም ብላችሁ ታስባላችሁ። ሁለት ትኩረት የሚፈልጉ ሥራዎችን አንድ ላይ የምንሠራ ሲመስለን አእምሯችን ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። በተዘለለ ቁጥር ጊዜ ይባክናል፣ ስህተትም ይበዛል። በዚህ ላይ ብዙ አልሰብክም፤ ስለ ስልክ የሚመክራችሁ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ጉዱ ያለው ትውስታ ላይ ነው።

ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር ወር 1986 ላይ በተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ አየር ላይ ተበታትና ከነሰባት ሰዎቿ ጠፋች። ኡልሪክ ናይሰር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በማግስቱ ተማሪዎችን ሰበሰበ። ወሬውን የት ሆናችሁ፣ ከማን ሰማችሁ ብሎ አስጻፋቸው። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ እሱና ኒኮል ሃርሽ እነዚያኑ ልጆች ያንኑ ጥያቄ ጠየቋቸው። የብዙዎቹ መልስ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም አለ። ሩብ ያህሉ ቦታውንም፣ ሰውንም፣ ሁኔታውንም ሙሉ በሙሉ ስተውታል። እርግጠኝነታቸው ግን ፍንክች አላለም። የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ፊታቸው ሲቀርብ እንኳ የቀድሞው ትውስታ አልተመለሰላቸውም። አዲሱ ቦታውን ይዞታል።

ምክንያቱ ይታወቃል። አእምሮ ያለፈውን እንዳለ አስቀምጦ አያወጣውም። ባስታወስን ቁጥር ከቀሩት ቁርጥራጮች እንደገና ይሠራዋል። ክፍተቱን ደግሞ ኋላ በሰማነው፣ ዛሬ በምናምነው፣ «መቼም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» በምንለው ይሞላዋል። ደጋግመን ያወራነው ታሪክ ጥርት ብሎ የሚታየን ስላልተነካ ላይሆን ይችላል። ደጋግመን ስለነካነው ሊሆን ይችላል።

ተማሪዎች ከሆናችሁ ይህ ጣጣ ፈተና ድረስ ይከተላችኋል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንደኛው ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 40 በመቶ ገደማ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። «በደንብ አስታውሰዋለሁ» ብለው ይበልጥ ተማምነው የነበሩት እነማን መሰሏችሁ? ደጋግመው ያነበቡት። ዓይናችሁ ገጹን ስለለመደው አውቄዋለሁ ትላላችሁ። ደብተሩን ዝጉትና ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉት። ያኔ የምታውቁት ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። ደስ አይልም፣ ያደክማል፤ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ስሜት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። በስሜት የተነካን ነገር አንረሳም የሚባለው በከፊል እውነት ነው። ስንደነግጥ ወይም ሐሴት ስናደርግ ደማችን ውስጥ የሚረጨው አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን፣ አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ትውስታው ጠንክሮ እንዲቀረጽ ያደርጋል። ግን የሚጠነክረው የነገሩ እምብርት ነው። መሣሪያ የተደገነበት ሰው መሣሪያውን ያስታውስና የያዘውን ሰው መልክ ይስታል። ስሜቱ ጠንካራ ስለነበር ብቻ ሁሉንም በትክክል እንደያዘ ግን ይምላል።

ስሜት ትውስታ በሌለበትም ይቀመጣል። የጄኔቫው ሐኪም ኤዱዋር ክላፓሬድ አዲስ ነገር ፈጽሞ መያዝ የማትችል ታማሚ ነበረችው። አንድ ቀን ጣቶቹ መሃል መርፌ ደብቆ ሲጨብጣት ወጋት። ወዲያው ረሳችው። በሌላ ጊዜ እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሰበሰበች። ለምን ስትባል የሰጠችው መልስ፣ ሰው እጁ ውስጥ መርፌ ሊደብቅ ይችላል የሚል ነበር። እሷን እንደወጋት አታውቅም። አንድን ሰው ገና ስታዩት ሳታውቁት ደማችሁ ቢፈላ፣ «ልቤ ነግሮኛል» ከማለታችሁ በፊት ይህችን ሴት አስቧት። ልባችሁ የሚያወራው ስለዚህ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ድሮ ስለወጋችሁ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ስሜትን አውጥታችሁ ጣሉ እያልኩ አይደለም። የአንጎል ሐኪሙ አንቶንዮ ዳማስዮ ታሪኩን የጻፈው አንድ ታማሚ ከአንጎሉ ፊት በኩል እጢ ከወጣለት በኋላ ማሰብ አላቃተውም፣ የማስተዋል ችሎታውም ደህና ነበር። ስሜቱ ግን ደብዝዟል። ተራ ቀጠሮ ለመምረጥ እንኳ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል፤ ሕይወቱም ተመሰቃቀለ። የሚሻለውን ከማይሻለው የሚለየው ስሜት ነው። ስለዚህ አድምጡት፣ ግን ዳኛ አታድርጉት።

ለምሳሌ ስትናደዱ የሚታወሳችሁ የሚያናድደው ብቻ ነው። «አንተ እኮ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚወለደው ያኔ ነው። ያ ሰው መልካም የሠራበት ቀን አልጠፋም፤ ሙዳችሁ አልጠራውም። በዚያ ሰዓት ቴክስት አትላኩ። ጻፉ ጻፉ ካላችሁ ጻፉትና አሳድሩት። የተሰማችሁንም በስሙ ጥሩት፦ «አፍሬያለሁ»፣ «ቀንቻለሁ»፣ «ፈርቻለሁ»። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ስሜትን በቃል መሰየም የአሚግዳላን እንቅስቃሴ እንደሚያበርደው አሳይቷል። እኔም በሥራዬ «ተናድጃለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው «ለካ ያዘንኩት ነው» ሲል ብዙ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ይለወጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን የሚያነብ ተጠራጣሪ ልጅ አይጠፋምና። ሁሉንም ደጋግሞ ማጣራትም መፍትሔ አይደለም። ቫን ደን ሃውትና ኪንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የጋዝ ምድጃ መዝጋታቸውን ደጋግመው እንዲያረጋግጡ ተደርጓል። የትውስታቸው ትክክለኛነት ያን ያህል አልተጎዳም። ደጋግመው ባረጋገጡ መጠን ግን ትውስታው ደበዘዘባቸው፣ በራሳቸውም መተማመን አቃታቸው። በሩን ቆልፌያለሁ አልቆለፍኩም እያላችሁ ከመንገድ የምትመለሱ ከሆነ፣ ስትቆልፉ አንዴ ልብ ብላችሁ ቆልፉና ሂዱ። መሄድ ካቃታችሁ፣ ቀናችሁንም እየበላባችሁ ከሆነ፣ ሳታፍሩ ባለሙያ አማክሩ። ሕክምና አለው።